በሐዋሳ የአንድ የመብት ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር፦ ሦስት ጊዜ ሄጄ ያየሁት

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውስጥ በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የሚገኝ አንድ የመብት ማኅበር በሚሰጠው ነጻ የሕግ ምክር ሦስት ጊዜ ተገልግያለሁ፤ በትክክል ለመናገር የተገለገለችው እኔ ሳልሆን፣ በግቢዬ ካሉት ክፍሎች አንዱን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ የምትኖር፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በልብስ ስፌት ትሠራ የነበረች ወጣት ናት። የማኅበሩን ስም የማልጠቅሰው ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታዬንም ስለምጽፍ፣ ቅሬታዬም ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ከራሳቸው ጊዜ እየቀነሱ የሚያንቀሳቅሱትን ቢሮ ስም እንዲያጎድፍ ስለማልፈልግ ነው።

ልጅቷ ከሥራ የተሰናበተችው ጥቅምት 7 ቀን ሲሆን በደብዳቤው ላይ የተሰጠው ምክንያት «ከሥራ መቅረት» የሚል ነው። መቅረቱንስ ቀርታለች፤ ነገር ግን የቀረችው ታማ ነው፤ ጤና ጣቢያው የሰጣትም ወረቀት በእጇ አለ። ሁለት ወር ያህል ከአንዱ አለቃ ወደ ሌላው ስትመላለስ ከቆየች በኋላ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ለአንዱ በገጽ ከፍላ አቤቱታ አስጽፋ መጣች። አምጥታ ስታሳየኝ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ድህነቷ፣ ስለ አሮጊት እናቷና ስለ ታናናሾቿ የሚተርክ ሆኖ አገኘሁት፤ የተሰናበተችበት ቀን ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ልመና እንጂ ክስ አልነበረም። ወደ ማኅበሩ ይዣት የሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቢሮው የደረስነው ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 26 ቀን ጠዋት ነበር። የተቀበለን ወጣት የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ ሲሆን፣ ፈቃድ ባለው ጠበቃ ኃላፊነት ሥር ሆኖ ይሠራል። ወረቀቶቹን ሳያይ፣ ስማችንን እንኳ በቅጡ ሳይጽፍ፣ በመጀመሪያ የጠየቀው «የተሰናበትሽው መቼ ነው?» ብሎ ነው። እኔ መልስ ስጀምር አቋረጠኝ፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጉዳዩ የእሷ ስለሆነ ከእሷው አፍ ልስማው» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ለጊዜው ቅር ብሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን እውነቱ ከእሱ ጋር ነው።

ቀኑን ከሰማ በኋላ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር በእስክሪብቶ ጀርባ ቆጠረ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያለአግባብ ተሰናብቻለሁ የሚል ሠራተኛ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ ማቅረብ የሚችለው በ3 ወር ጊዜ ውስጥ ነው፤ ደመወዝንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን ለመጠየቅ የተሰጠው ጊዜ ደግሞ 6 ወር ነው። በሁለቱ ጊዜያት መካከል ያለውን ልዩነት ባለማወቅ ስንቱ ወጣት መብቱን እንዳጣ መገመት አያዳግትም። ለእሷ የቀራት ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ በመካከሉም ገና አለ።

ሁለተኛው ጥያቄው «ከመሰናበትሽ በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶሽ ያውቃል?» የሚል ሆነ። በሕጉ አሠሪው የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጥ ወዲያው ሊያሰናብት ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ ሠራተኛው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን መቅረቱ ነው፤ ለዚያውም ስለ ጥፋቱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው የቀረ እንደሆነ ነው። ልጅቷ የደረሳት የተቆጣጣሪዋ ቁጣ እንጂ ወረቀት አልነበረም። የክሱ ፍሬ ነገር ይኸው ሆኖ ሳለ በራፖር ጸሐፊው ሁለት ገጽ ውስጥ አንዲት መስመር እንኳ አላገኘም።

ተማሪው ያዘጋጀው፣ ጠበቃውም ከሰዓት በኋላ አርሞ የመለሰው አዲሱ ክስ አንድ ገጽ ተኩል ነው። የተቀጠረችበት ቀን፣ ደመወዟ፣ የታመመችባቸው ቀናት፣ የተሰናበተችበት ቀን፣ ከዚያም የሚጠየቀው ዳኝነት በቅደም ተከተል ሰፍሯል፦ ወደ ሥራ መመለስ፣ ይህ ባይሆን ካሣና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ። ስለ እናቷ የተጻፈ ነገር የለም። ክሱ ከመፈረሙ በፊት ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነበው ተደረገ፤ በየአንቀጹም «ዳኛው ስለዚህ ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ?» ትባል ነበር። መጀመሪያ ወረቀቱ በእጇ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን አንዱን ቀን ራሷ አረመችው። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅም የሰማነው እዚያው ነው። እኛ ለፎቶ ኮፒ ብቻ ነው የከፈልነው። ክሱ ጥር 2 ቀን ለሬጅስትራር ገባ።

እንዲህ ያለው አገልግሎት በከተማችን ለረጅም ጊዜ የተመናመነ እንደነበር ዕድሜው የፈቀደለት ሁሉ ያስታውሳል። የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ሥራ እንዳይሰማሩ በመከልከሉ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን (ኢሰመጉን) እና የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉት አንጋፋዎች ሳይቀሩ ሥራቸውን ለማጥበብ ተገደዋል። ክልከላው የተነሣው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። እኔ የማወራለት ቢሮም ከዚያ ወዲህ የተከፈተ ሲሆን ጠረጴዛዎቹ ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች የተሰበሰቡ መሆናቸው ያስታውቃል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ቢሮው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ሦስት ጠረጴዛዎች አሉ፤ ሦስት ባለጉዳዮች በአንድ ጊዜ ይደመጣሉ። በሁለተኛው ቀን፣ ከእኛ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ አንዲት እናት ባሏ ያደረሰባትን ጉዳት በሲዳምኛ ታስረዳ ነበር። ሲዳምኛ በቅጡ አውቃለሁና ላለመስማት ብሞክርም ሰማሁ፤ በር ላይ ተራ የሚጠብቁትም ሰምተዋል። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ እየሳበች ድምፅዋን ዝቅ ባደረገች ቁጥር የምታስተናግዳት ወጣት «አልሰማሁሽም» እያለች ታስደግማት ነበር። ይህ በገንዘብ እጥረት የሚሳበብ ጉዳይ አይደለም፤ መጋረጃ መጋረድ፣ ወይም እንደዚህ ላሉ ጉዳዮች የተለየ ሰዓት መመደብ ይቻላል። የባለጉዳይን ቃል ከራሱ አፍ ለመስማት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ማኅበር፣ ያ ቃል የማን ጆሮ እንደሚገባ ግድ ሊለው ይገባል። ይህንኑ ለኃላፊው በአካል ነግሬዋለሁ፤ በጥሞና አዳመጠኝ፤ በየካቲት ስመለስ ግን ክፍሉ እንደ ነበረ ነው።

ሌላው ችግር የበጎ ፈቃደኞቹ መቀያየር ነው። የእኛ ተማሪ ለፈተና በመሄዱ በሦስተኛው ቀን ያገኘነው ሌላ ሰው ሲሆን ፋይሉን ፈልጎ ሊያገኘው አልቻለም። ልጅቷ ሁሉንም በስልኳ ፎቶ አንሥታ ባትይዝ ኖሮ ነገሩን ከሀ ብለን እንጀምር ነበር። ስልካቸውንም የሚያነሣ የለም፤ በእግር መሄድ ነው የሚሻለው።

አሠሪው በሰጠው መልስ ላይ በጽሑፍ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ አንድ ወረቀት አያይዟል። ልጅቷ በየካቲቱ ቀጠሮ ያለ ጠበቃ ብቻዋን ቆማ፣ ወረቀቱ ላይ የእሷ ፊርማ እንደሌለና ደርሷትም እንደማያውቅ ለዳኛው አስረዳች። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰምቻታለሁ። ጉዳዩ ምስክር ለመስማት ለመጋቢት ተቀጥሯል።

ለመሄድ ያሰበ ሰው የሥራ ውሉን፣ የስንብት ደብዳቤውን፣ ደመወዝ የተከፈለበትን ማስረጃና መታወቂያውን ከነኮፒያቸው ይዞ ይሂድ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ካልደረሰ ተራው ከሰዓት በኋላ ነው የሚሆነው። ጉዳዩ ሰው ፊት የማይነገር ከሆነ ደግሞ ከመቀመጡ በፊት በረንዳው ላይ ልነጋገር ብሎ ይጠይቅ፤ ሲጠየቁ እሺ ይላሉ።