አባዬ በሌለበት የመጀመሪያው ገና፦ ለሐዘን አማካሪያችን ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንዲት ባለሙያን ለማመስገን ነው። ስሟን በአደባባይ አልጠራም። የሰው ገመና የሚጠበቅበት ሥራ ነውና እሷም የምትመርጠው ይህንኑ ነው። ያደረገችልንን ሳልናገር ብቀር ግን ይቆጨኛል። የሐዘን አማካሪ ናት። አባታችን ካረፈ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ገና አብረን ያሳለፍነው በእሷ እርዳታ ነው።

ያገኘናት አባዬ በመጨረሻው ጊዜ ይታከምበት በነበረው የማስታገሻ ሕክምና (በጽኑ የታመመ ሰው ሥቃዩ እንዲቀልለት የሚሰጥ እንክብካቤ) ክፍል በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቤተሰብን በሐዘኑ ጊዜ መደገፍንም የዚህ ሕክምና አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ አይጠይቅም። በዚህ መንገድ ያለፈ ወገን ካላችሁ፣ እባካችሁ ጠይቁ።

በዓሉ ሲቃረብ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ወንድሜ «ዘንድሮ ገና የሚባል ነገር እንዳታነሱብኝ» አለ። እህቴ ደግሞ «አባዬ ቢኖር አክብሩ ነበር የሚለን» ብላ ድርቅ አለች። ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ መደማመጥ ግን አቃታቸው። እማዬ ዝም።

አማካሪዋ ሁላችንንም አንድ ላይ አስቀመጠችን። ይከበር ወይስ ይቅር የሚለውን ጭራሽ አላነሳችም። እያንዳንዳችንን ሁለት ነገር ጠየቀችን። በዚያ ቀን ለማየት አቅም የሚያንሳችሁ ምንድን ነው? እንዲቀርባችሁ የማትፈልጉትስ? መጀመሪያ እንድትመልስ ያደረገችው እማዬን ነው።

«ስሙን የሚጠራልኝ ሰው አጣሁ» አለች እማዬ። «እኔ ስገባ ወሬ ትቀይራላችሁ። እንዳላለቅስ ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል። ግን ልጆቼ፣ እኔ እኮ የናፈቀኝ ስለሱ ማውራት ነው።»

ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። አማካሪዋም ዝምታውን ለመሙላት አልቸኮለችም። ይህን ችሎታዋን እስካሁን አደንቃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞሽ፣ ጊዜ ይሽረዋል» ብሎ ይዘጋው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላው ቀለለ። ወንድሜ ገናን አልጠላም። አቅም ያሳጣው ሌላ ሰው የአባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ነው። እህቴ ደግሞ እንዳይቀርባት የፈለገችው ንባቡን ነበር። በየዓመቱ የሉቃስ ወንጌልን ምዕራፍ 2፣ ከቁጥር 1 እስከ 20፣ ጮክ ብሎ የሚያነብልን አባዬ ነው። ለካ ሲጣሉ የከረሙት በተለያየ ነገር ነው! ወንበሩ ላይ እማዬ ልትቀመጥ ወሰነች። ንባቡን ለአንድ ሰው ከመስጠት ሁላችንም ተከፋፍለን እንድናነብ ተስማማን። ከብዶት መውጣት የፈለገ ሰው ይውጣ፤ ማንም ተከትሎ አያባብለው፤ ሲመለስም ጥያቄ የለም። ይህችን የመጨረሻዋን ሐሳብ ያመጣችው አማካሪዋ ናት።

እህቴ ስለ «አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች» (መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል) አንብባ ነበርና እኛ የትኛው ላይ እንደሆንን ጠየቀቻት። መልሷ ጥሩ ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልዛቤት ኩብለር-ሮስ ደረጃዎቹን እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበችው ራሳቸው ለሞት ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ተነጋግራ ነው። ሐዘንተኛ በተራ እንዲያልፍባቸው የተሠራ መሰላል አይደለም። ከዚያ የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡትን ሐሳብ ነገረችን። ሐዘንተኛ አንዴ ወዳጣው ሰው ይሄዳል፣ አንዴ ኑሮውን ወደ ማስተካከል ይመለሳል። መመላለሱ ራሱ ጤናማ ነው። ማልቀስም መሳቅም በአንድ ቀን ሊሆን ይችላል። እኔን ያሳረፈኝ ይህ ነው፤ በሳቅኩ ቁጥር አባዬን የከዳሁት ይመስለኝ ነበርና።

ትንሿ የወንድሜ ልጅ «አያቴ ለገና ይመጣል?» ስትል ማናችንም መልስ አልነበረንም። አማካሪዋ በግልጽ ንገሯት አለችን። አያትሽ ሞቷል፤ ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፤ ተመልሶ አይመጣም። ሩቅ ሄዷል ወይም ተኝቷል የተባለ ትንሽ ልጅ መምጣቱን ይጠብቃል፤ አንዳንዱም መተኛት ይፈራል። ወንድሜ ራሱ ነገራት። ልጅቷ አለቀሰች፣ ከዚያ ለአያቷ ሥዕል መሳል እንደምትፈልግ ተናገረች። ሳለችም።

በዓሉ ደረሰ። እማዬ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች አነበበች፤ መሃል ላይ ድምፏ ተቆረጠ፤ ጠበቅናት። የመጨረሻዋን፣ እረኞቹ እግዚአብሔርን እያመሰገኑ የተመለሱባትን ቁጥር 20ን ያነበበው ማን መሰላችሁ? ያ «ገና እንዳታነሱብኝ» ያለው ወንድሜ። ከዚያ ስለ አባዬ ማውራት ተጀመረ። ስሙ ስንት ጊዜ እንደተጠራ እንጃ። እማዬ የማናውቀውን የወጣትነቱን ታሪክ አወራችን፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

በማግስቱ አማካሪዋ ደወለች። ብዙ ጊዜ ከበዓሉ ይልቅ ዋዜማውና ማግስቱ እንደሚከብድ ቀድማ ነግራናለች። ቤቱ ጭር ሲል እውነትም ከበደን። እማዬ ስልኩን ተቀብላ «ልጄ፣ ተባረኪ» አለቻት። ረጅም ወሬ ያዙ።

እንዲህ ያለ ሰው ለምትፈልጉ ትንሽ ልጨምር። ሐዘን በሽታ አይደለም፤ ሁሉም ሐዘንተኛ አማካሪ አያስፈልገውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ሕመም የሚያየው ቢያንስ ከ6 ወር በላይ የዘለቀ፣ የዕለት ኑሮን ያሰናከለና ሰውየው ከሚኖርበት ባህል አንጻር እንኳ የበዛውን ነው። እዚህ ደረጃ ሲደርስ ወይም መኖር አልፈልግም የሚል ሐሳብ ሲመጣ ቀን አትቁጠሩ፤ ወዲያው ሕክምና ፈልጉ። የእኛ ቤት እዚያ አልደረሰም ነበር። ቢሆንም እሷን ከበዓሉ በፊት ማግኘታችን ጠቅሞናል። ባንነጋገር ኖሮ ያ ሁሉ በበዓሉ ቀን ገበታ ላይ ይፈነዳ ነበር።

አማካሪ ስትመርጡ በሐዘን ላይ የሠለጠነ መሆኑን ጠይቁ። ልጆች ካሏችሁ ከልጆች ጋር ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳችሁ ለብቻው የነገረው ለሌላው እንደማይደርስም አረጋግጡ። ወንድሜ ለብቻው አነጋግሯታል፤ ምን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላወቅንም፣ እሷም አንዲት ቃል አላወጣችም። ክፍያዋን ቀድማ በግልጽ ትናገራለች። ፈጣን ምክር ለሚፈልግ ሰው ግን አትሆንም፤ ረጋ ብላ ነው የምትሠራው።

ለእሷ፦ እማዬ የሱን ስም እንደ ልቧ መጥራት ጀምራለች፤ እኛም እንጠራዋለን። እግዚአብሔር ይስጥልን። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። በበዓል ሰሞን ቀጠሮዋ ስለሚሞላ ቀደም በሉ።