የኋላ ፍሬን ሲጮህ «በጥቅል እንሥራላችሁ» ካሏችሁ አትቸኩሉ

ቆየት ያለ መኪና የምትነዱ፣ በተለይ የኋላ ፍሬኑ ታምቡር ሳይሆን ዲስክ የሆነ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

የእህቴ መኪና ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። ፍሬን ሲያዝ ከኋላ ሲጢጥ ማለት ስትጀምር ጋራዥ ወሰደቻት። ጎማ እንኳን ሳይፈቱ «ዲስኩ ተበልቷል፣ ሸራውም አልቋል፤ ካሊፐሩን ሰርቪስ አድርገን በጥቅል 30 ሺህ ብር እንጨርስልሻለን» አሏት። (ሸራ ማለት ዲስኩን ከውስጥና ከውጪ ጨብጦ የሚያቆመው ነው፤ ካሊፐር ደግሞ ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫናቸው ብረት።) ከፈለች። ለትንሽ ጊዜ ጭጭ አለ። ከዚያ ያው ጩኸት መጣ። አሁን ደግሞ የቀኙ ጎማ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

ሌላ መካኒክ ፊታችን ፈታው። የውስጠኛው ሸራ ከግማሽ በላይ አልቋል፤ የውጪው ገና አዲስ ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትበትን ፒን ሊያወጣ ቢታገል እምቢ አለው። በስንት መከራ ሲወጣ ዝገት የለበሰ፣ ደረቅ፣ ጎሚኒው የተቀደደ ነው። ግሪስ የሚባል ነገር አልነካውም። ደረሰኙ ላይ ግን «የካሊፐር ሰርቪስ» ተብሎ ተጽፎ ተከፍሎበታል! ከሸራው ጀርባ የሚገባውን ስስ ቆርቆሮም አውጥተው ጥለውታል። እሱ እኮ ጩኸት እንዲቀንስ ተብሎ የተሠራ ነው።

በብዙ መኪኖች የኋላውን ሸራ የሚገፋው ፒስተን ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። የውስጡን ሸራ ገፍቶ ዲስኩ ላይ ሲያሳርፍ፣ ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ ተንሸራቶ የውጪውን ይስበዋል። ፒኑ ከደረቀ መንሸራተት የለም። አንዱ ሸራ ብቻውን ይለፋል፣ እግራችሁን ከፍሬን ስታነሱም ዲስኩን አይለቅም። ዲስኩ ይግላል፣ ሸራው ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል። እዚህ ላይ አዲስ ዲስክ መግጠም ብር መጣል ነው።

ስለዚህ ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ጎማው ይፈታ፣ እናንተም ቆማችሁ እዩ። ከውጪ በኩል ያለውን ሸራ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። የሸራው ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ የመቀየሪያ ጊዜው ደርሷል። ብዙ ሸራ ላይ ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ የተሠራች ትንሽ ብረት አለች፤ የምትጮኸው እሷ ከሆነች ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የግራና የቀኙን ሸራ መቀየር ነው። «ዲስኩ ተበልቷል» ካሏችሁ በመለኪያ ይለካ። የመጨረሻው የሚፈቀደው ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ በሚሊ ሜትር ተቀርጿል።

ፒኖቹ ወጥተው ይጽዱ፣ ለፍሬን የተሠራ ሙቀት የሚችል ግሪስ ይቀቡ። የኩሽኔታ ግሪስ እንዳያስነኩት፤ ጎሚኒውን አሳብጦ መልሶ ያስረዋል። ሸራው ፊት ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ ድምፅ የሚያጠፋ ካለ ደግሞ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ድምፁ ይጠፋል፣ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል።

አንድ ሌላ ነገር። ብዙ መኪኖች ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚሠራው በዚሁ በኋላው ፒስተን ነው። እንዲህ ያለው ፒስተን እየዞረ ነው የሚገባው። የማያውቅ ሰው በሞርሳ ጨምቆ ካስገባው ውስጡን ይሰብረዋል፣ ያኔ በእርግጥም ካሊፐር ትገዛላችሁ።

በክረምት ጠዋት ብቻ ጮኾ፣ ጥቂት ፍሬን ስትይዙ የሚጠፋ ከሆነ ግን አትጨነቁ። ሲዘንብ ያደረ ዲስክ ላይ የምትወጣ ስስ ዝገት ናት።

የእህቴ መኪና ጥንድ ሸራ፣ ጎሚኒና ግሪስ ነበር የጎደላት። እሷ አሁን ብሯን ለማስመለስ ደረሰኟን ይዛ እየተከራከረች ነው። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ መሠረት ስለምንገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለን። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። የተሠራው እያንዳንዱ ነገር ተዘርዝሮ ይጻፍበት። የወለቀውንም አሮጌ ዕቃ «ስጡኝ» ብላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።