ሴስና አውሮፕላናችንን ከሞት ለመለሱልን ሰው ምስጋና፤ ጅማና አካባቢው ሞተር ላላችሁ ሁሉ ጥቆማ

ሰላም የጅማ ልጆች። ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። ከተማችን ውስጥ በዕድሜ የገፉ፣ በጡረታ ወጥተው ወደ ጅሬን መውጫ አካባቢ የሚኖሩ አንድ የአውሮፕላን ቴክኒሻን አሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ እዚህ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። «ጅማ ውስጥ አውሮፕላን ያለው ማን ነው?» ብላችሁ እንዳታልፉት። ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የቡና መፈልፈያ ያላችሁን ሁሉ ይመለከታል።

አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የእርሻ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ወጣትነቱን የጨረሰው አዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻ ላይ መድኃኒት ሲረጭ ነው። «እሸት» ተብላ እዚሁ አገራችን የተገጣጠመችውን አግ ካት የተባለች የእርሻ አውሮፕላን ሲያነሳ ፊቱ ይበራ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ከአጎቶቻችን ጋር አዋጥተው አንዲት ባለ አንድ ሞተር ሴስና 182 ገዙ። እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራች፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 230 የፈረስ ጉልበት ያላት ናት። አባባ ሲያርፍ ታናሽ ወንድሜ ማብረሩን፣ እኔ ደግሞ ወጪና ወረቀቱን ያዝን። አሮጌ አውሮፕላን መያዝ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ነዳጇ ከማደያ የሚቀዳ ቤንዚን አይደለም፤ አቭጋዝ የሚባል ሰማያዊ ነው። በየዓመቱ ሙሉ ምርመራ አለ። አንዲት ጓርኒሲዮን ስትበላሽ ዶላር ፍለጋ መሯሯጥ ነው። ቢሆንም የአባታችን ናትና ሸጠን አንበላትም ብለን ይዘናታል።

ክረምት ሲገባ ሞተሯ መቆራረጥ ጀመረ። መሬት ላይ ሲሞከር ምንም የለባትም። አንድ ጠዋት ግን ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ተነስታ ብዙ ሳትርቅ ኃይሏ ወደቀ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወደቀ። ወንድሜ እንደምንም አዙሮ አሳረፋት። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ እንቅልፍ አጣች። «ባሌን በሰላም ቀብሬአለሁ፣ ልጄን ደግሞ ከጫካ አላስለቅምም» ብላ በሩ ላይ ቆመች። ልክ ነበረች።

መራሩን ክፍል ባልነግራችሁ ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። ባለሙያ ላኩልን ብለን የጠየቅነው አንድ ድርጅት አበላቸውን፣ ሆቴላቸውንና መጓጓዣቸውን እንድንችል አድርጎ ሰዎች ላከ። ካንዴላው በሙሉ ተቀየረ፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ስላለው ድምሩ አሥራ ሁለት ነው፣ ዋጋውን እናንተው ገምቱት። ለጥቂት ቀን ደህና ሆነች፣ ዝናብ ሲመለስ ችግሩም ተመለሰ። ሌላ ቦታ ጠየቅን፣ ማግኔቶው፣ ማለት ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው፣ ነው ተባለ፣ ተቀየረ። ቀጥሎ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለወራት ቀረ። ሲመለስ ደረሰኙ በዶላር ነው፣ ሞተሩም እንደ ድሮው ነው። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ የት ደረሰ ብዬ ስጠይቅ መልስ የሚሰጠኝ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። «እህቴ፣ ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ስለሆነ ከወንድምሽ ጋር እንነጋገር» ያለኝ ሰው አለ፤ ሒሳቡን ሲቀበል ግን ከእኔ ነበር። ሌላው ደግሞ አንዴ በእጁ ክንፏን መታ መታ አድርጎ «ይህ ቆርቆሮ ነው፣ ለአባታችሁ ማስታወሻ ፎቶ አንሱትና ጣሉት» አለን። አባቴ በጨርቅ ሲወለውለው የኖረውን ክንፍ! ያን ቀን ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

ጋሼን የጠቆመን አጋሮ መንገድ ላይ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ወዳጃችን ነው። በመኸር መሐል ቀጥ ያለበትን ፓምፕ አንድ ሽማግሌ በአንድ ምሽት አስነስተውለት ነበር። «እኚህ ሰው እኮ የአውሮፕላን ሰው ናቸው» አለኝ። ሄጄ አገኘኋቸው። ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ ሥራ የጀመሩት ስዊድን ሠራሹን የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሳፊርን በመፍታትና በመግጠም ነው፣ በኋላም ፒስተን ሞተር ካለው ነገር ተለይተው አያውቁም። የሙያ ፈቃዳቸውም የታደሰ ነው። በማግስቱ በዝናብ፣ ጃንጥላ ይዘው በእግራቸው መጡ።

የመሣሪያ ሣጥናቸውን አልከፈቱም። ስለ ሞተሩም አልጠየቁም። መጀመሪያ ያሉት «ክረምቱን የት ነው የምታድረው?» ነው። ሜዳ ላይ፣ ሸራ ለብሳ አልናቸው። መሰላል ጠይቀው ወጡና ክንፏ ላይ ያለውን የነዳጅ ክዳን በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። የክዳኑ ላስቲክ እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈርፍሮ ጣታቸው ላይ ቀረ። ወንድሜ ግን በየጠዋቱ ከታች ነዳጅ እየቀዳ ውሃ እንዳለበት ያያል፣ ምንም አይቶ አያውቅም። ይህንኑ ነገራቸው። «ጎበዝ ልጅ፣ ትክክል ነው የሠራኸው። አሁን ደግሞ ጅራቷን ወደ መሬት እንጫናት» አሉት።

ወንድሜና ጥበቃዎቹ ጅራቷን ዝቅ አድርገው ያዙ። ሁለት ልጆች ክንፎቿን ግራና ቀኝ ሆነው ወደ ላይና ወደ ታች አወዛወዙ። ጋሼ ቆጠሩ፣ ደግሞ አስወዛወዙ። ከዚያ ከቤት ባመጣሁት ባዶ የማር ጠርሙስ ከታች ቀዱና ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉት። ከላይ ሰማያዊው ነዳጅ፣ ከታች ቀለም የሌለው ውሃ፤ መሐላቸው ላይ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁላችንም ዝም አልን። ደፍተው ደግመው ቀዱ፣ አሁንም ውሃ።

በገባኝ መጠን ልንገራችሁ፣ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። የእኛ ዓይነቷ የድሮ ሴስና ክንፍ ውስጥ ነዳጁ የሚቀመጠው ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱ ሲያረጅ ወይም በደንብ ሳይወጠር ሲገጠም ይጨማደዳል። በተበላሸው ክዳን የገባው የጅማ ዝናብ ከጭምድዱ ኋላ ተደብቆ ይቀመጣል፤ መሬት ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም አይወርድም። አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ስትነሳ ግን ዘሎ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። «ይህ የእናንተ ብቻ አይደለም፣ በዚህ ዓይነቷ አውሮፕላን ላይ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው በሽታ ነው» አሉን። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ያን ሁሉ ገንዘብ የተቀበለን ሰው አንዱም አላየውም!

ክዳኖቹ ውሃ በማያስገባው ዓይነት ተቀየሩ፣ ከረጢቶቹ ወጥተው ታይተው ተወጥረው ተመለሱ፣ ሁሉም መዝገቧ ላይ ተጽፎ ተፈረመ። ጋሼ የወጣውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በፌስታል ጠቅልለው ያስረከቡት ለእኔ ነው። ደረሰኙን በእጅ ጽሑፋቸው አዘጋጅተው አጠገቤ ተቀምጠው መስመር በመስመር አስረዱኝ። ለወንድሜ ሳይሆን ለእኔ፣ «ከፋይዋ አንቺ ነሽ ልጄ፣ ማወቅ አለብሽ» ብለው። የተረፈውን ገንዘብም መለሱ።

የማልረሳው ግን የሙከራ በረራው ቀን ነው። እናቴ ቡና በፔርሙዝ ይዛ መጥታለች፤ ፊቷ ግን ክስል ብሏል። ጋሼ ያንን የማር ጠርሙስ ውሃው እንዳለበት አስቀምጠውት ኖሮ ይዘውላት መጡ። «እትዬ፣ ልጅዎን ሲያስፈራራው የነበረው ይኸው ነው። አሁን ወጥቷል» አሏት። ከዚያ ጃኬታቸውን ቆለፉና «እኔ የነካሁት ሞተር ላይ ልጅዎን ብቻውን አልሰደውም» ብለው በዚያ ዕድሜያቸው ከወንድሜ ጎን ገብተው ቀበቶ አሰሩ። ከከተማው በላይ ዞረው ዞረው ሲያርፉ እናቴ ሮጣ ሄዳ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እሳቸው ቀድመው እጇን ይዘው አነሷት። ያን ዕለት ማታ እናቴ ተኛች። ከዚያ ወዲህ ስንት ዝናብ ወረደ፣ ሞተሯ አንዴም አልተቆራረጠም።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደምታነብልዎት አውቃለሁ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ገንዘብ ከፍለናል፣ ግን ውለታዎን አልከፈልንም።

ወገኖቼ፣ ተጠቀሙባቸው። እኚህን የመሰለ ሰው አጠገባችን እያለ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት የለብንም። ጄኔሬተርም፣ ፓምፕም፣ መፈልፈያም ያያሉ፤ የማይችሉትን «አልችልም» ይላሉ፣ የማያስፈልገውን አያስገዟችሁም። ሞተር የሚማሩ ልጆች ያላችሁም ላኩላቸው፤ አብሯቸው ለሚሠራ ወጣት ማሳየት ደስ ይላቸዋል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የቡና ሰዎች በተለይ ቶሎ በሉ፤ ጥቅምት ገብቶ መኸሩ ከተጀመረ በኋላ ወረፋቸው አይቻልም፣ ማሽናችሁን አሁን አሳዩዋቸው።