«ሲስተም ፋይሉ ተበላሽቷል» ብለው ብር ሲጠይቋችሁ መጀመሪያ ይሄን አድርጉ

ወገን፣ ላፕቶፕ ልታሰሩ የምትሄዱ ካላችሁ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ። አንዳንድ ጥገና ቤት የለመዷት ጨዋታ አለች። ላፕቶፑን ይቀበሉና ከፍላሽ አንድ ፕሮግራም ይጭኑበታል፣ ፕሮግራሙ ስካን አደረግኩ ብሎ ስክሪኑን በቀይ ይሞላዋል፣ ይሄን ያህል መቶ ኤረር ተገኘ ይላል፣ ከዛ «ሲስተም ፋይሉ ኮራፕት አርጓል፣ ፎርማት ካልሆነ አይድንም» ተብሎ ዋጋ ይቆረጥላችኋል። ሲስተም ፋይል ማለት ዊንዶውስ ራሱ የሚንቀሳቀስባቸው ፋይሎች ናቸው፣ ፎርማት ደሞ ዲስኩን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን።

የእህቴን ልጅ የገጠማት ይሄው ነው። የመመረቂያ ጽሁፏ ያለበት ላፕቶፕ ለመክፈት ራሱ ዕድሜ ይፈጅባታል፣ ስትሰራበትም መሃል ላይ ቀጥ ይላል። መገናኛ አካባቢ አንድ ቤት ወሰደችው፣ ለፎርማት፣ ለዊንዶውስና «ለሲስተም ሪፔር» ምናምን 4,500 ብር አሏት፣ ፋይሎቼስ ስትል ደሞ «እሱ ዋስትና የለውም እህት»። ደግነቱ ሳትከፍል ደወለችልኝ። የትኛው ፋይል እንደተበላሸ ጠይቂያቸው አልኳት፣ ጠየቀች፣ የጥገና ቤቱ ልጅ ስክሪኑን እያሳያት «ሁሉም» አላት። ሁሉም የሲስተም ፋይል ተበላሽቶ ኮምፒውተሩ እንዴት በርቶ ስካን እንዳደረገ እንግዲህ እሱ ይወቀው።

እነዚህ ፕሮግራሞች ኤረር ብለው የሚቆጥሩት አብዛኛው ነገር ኤረር አይደለም፣ የብሮውዘር ኩኪ፣ ጊዜያዊ ፋይል፣ ድሮ ካጠፋችሁት ፕሮግራም የቀረ የሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ) ቅሪት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነው፣ ትናንት ከካርቶን በወጣ ላፕቶፕ ላይም ይገኛል። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ከፍተው ቀዩን ምልክት የሚያሳዩም አሉ፣ እሱም ጤነኛ ኮምፒውተር ላይም ሁሌ አለ።

ይሄ ደሞ የኛ ሰፈር ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ኦፊስ ዲፖ የሚባለው ትልቅ የሱቅ ድርጅት ሱፖርት ዶት ኮም ከሚባል ኩባንያ ጋር ሆኖ «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የሚል ነጻ ምርመራ ነበረው። ደንበኛው ሲመጣ ኮምፒውተርህ ቀርፋፋ ነው ወይ፣ ቶሎ ቶሎ ይዘጋል ወይ፣ የቫይረስ ማስጠንቀቂያ ያወጣል ወይ፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ አራት ጥያቄ ይጠይቁትና ሳጥኑ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ እና ኤፍቲሲ የሚባለው የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ እንደከሰሰው ከአራቱ ጥያቄ ለአንዱ አዎ ከተባለ ፕሮግራሙ የማልዌር (የጎጂ ፕሮግራም) ምልክት ተገኘ ብሎ ያወጣ ነበር፣ ስካኑ ከውጤቱ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በ2019 ሁለቱ ተጠቃለው 35 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በ2024 ደሞ ሪስቶሮ እና ሪኢሜጅ የሚባሉ ቆጵሮስ ያሉ ኩባንያዎች ኮምፒውተራችሁ ተበላሽቷል እያሉ በማስፈራራት ሶፍትዌር ሸጡ ተብለው 26 ሚሊዮን ዶላር። ዘዴው ያው ነው፣ ምርመራውን የሚያደርገው መድኃኒቱን የሚሸጠው ሰው ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የሲስተም ፋይል መበላሸት የሚባል ነገር በርግጥ አለ፣ አፕዴት እያደረገ መብራት ሲጠፋ (ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያለው ሰው ያውቃታል) ወይ ዲስኩ ሲደክም ይከሰታል። ግን ለማወቅ ብር አያስፈልግም፣ መመርመሪያው ዊንዶውሱ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ስታርት ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብላችሁ ፈልጉ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ሲመጣ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ራን አዝ አድሚኒስትሬተር በሉት፣ ያለሱ እምቢ ይላችኋል። ጥቁሩ መስኮት ላይ ኤስ፣ ኤፍ፣ ሲ ጻፉ፣ አንድ ስፔስ፣ ስላሽ፣ ከዛ ስካንናው ሳይለያይ እንደ አንድ ቃል (sfc /scannow)፣ ኢንተር። ቡና አፍሉ፣ መቶ ፐርሰንት እስኪሞላ መስኮቱን አትዝጉት።

መጨረሻ ላይ ዊንዶውስ ሪሶርስ ፕሮቴክሽን ብሎ የሚጀምር መልስ ይሰጣችኋል። «ዲድ ኖት ፋይንድ» ካለ የተጠበቁት የዊንዶውስ ፋይሎች ደህና ናቸው፣ ፋይል ተበላሽቷል ብሎ ብር የጠየቃችሁን ሰው ይሄን መስመር አሳዩት። «ሰክሰስፉሊ ሪፔርድ» ካለ የተበላሸ ነበረ፣ አሁን ተጠግኗል፣ ሪስታርት አድርጉና ድገሙት። «አንኤብል ቱ ፊክስ» የምትለዋ ናት ሰው የሚደነግጥባት፣ አግኝቷል ግን አንዳንዱን መጠገን አልቻለም ማለት ነው። «ኩድ ኖት ፐርፎርም» ካለ ደሞ ምርመራው ራሱ አልተሰራም፣ ስለ ፋይሎቹ ምንም አልነገራችሁም፣ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ገብታችሁ ሞክሩት።

አንኤብል ስላለ ብቻ ወደ ፎርማት አትሩጡ። ኤስኤፍሲ (ያ የመጀመሪያው ትዕዛዝ) የተበላሸውን የሚተካው ዊንዶውስ ራሱ ካስቀመጠው መጠባበቂያ ነው፣ መጠባበቂያውም ከተበላሸ ከየት ያምጣ? እሱን የሚያድሰው ዲዝም የሚባለው ነው፣ ዲ፣ አይ፣ ኤስ፣ ኤም ብላችሁ ስፔስ፣ ስላሽ ኦንላይን፣ ስፔስ፣ ስላሽ ክሊንአፕ ሰረዝ ኢሜጅ፣ ስፔስ፣ ስላሽ ሪስቶርሄልዝ (DISM /Online /Cleanup-Image /RestoreHealth)። ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ጤነኛውን ፋይል ከዊንዶውስ አፕዴት ስለሚያወርድ ፓኬጃችሁን እያያችሁ፣ መሃል ላይ ደሞ አንድ ቁጥር ላይ ተገትሮ የቆመ ሊመስል ይችላል፣ ተዉት። ሲጨርስ ኤስኤፍሲን ድገሙት። ማይክሮሶፍት ራሱ እንደውም ዲዝምን አስቀድሙ ነው የሚለው።

ከዛም በኋላ አንኤብል ካለ ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ሎግስ፣ ሲቢኤስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ሲቢኤስ የሚባል ሎግ (የመዝገብ ፋይል) አለ፣ ሪፔር ያቃተው ፋይል በስሙ ተጽፏል። አንዳንዴ የውሸት ደወልም ይሆናል፣ ጁላይ 2019 ላይ በዊንዶውስ ዲፌንደር (የዊንዶውሱ ጸረ ቫይረስ) አፕዴት ምክንያት ስንት ጤነኛ ኮምፒውተር አንኤብል ሲል ነበር፣ ማይክሮሶፍትም ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ አምኗል።

ኤስኤፍሲ ዲስካችሁን አያይም፣ ራማችሁን አያይም፣ ቫይረስም አይፈልግም፣ ፎቶና ወርድ ፋይላችሁንም አይነካም። ደህና ነው ካለና ላፕቶፑ አሁንም ከተገተረ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የልጅቷም እንደዛ ነው የሆነው፣ ኤስኤፍሲ ምንም አላገኘም፣ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ስናየው ግን ቢጫ፣ ኮሽን፣ ተጠንቀቁ ማለት ነው። ሪአሎኬትድ ሴክተር የሚለው ቁጥር (ተበላሽቶ በሌላ የተተካ የዲስክ ክፍል ብዛት) ከፍ ብሏል፣ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው። እስቲ አስቡት፣ 4,500 ብር ከፍላ፣ ጽሁፏ ጠፍቶ፣ በዛው በሚሞት ዲስክ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖላት ትመለስ ነበር፣ ከዛ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ያው ነገር፣ ሌላ ክፍያ። መጀመሪያ ፋይሏን ወደ ፍላሽ ገለበጥን፣ ከዛ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን አዲስ ዓይነት ዲስክ) ገዝታ አስቀየረች። ቢጫ ወይ ቀይ ካያችሁ ባክአፕ ሳትይዙ ቼክዲስክ (የዊንዶውሱ የዲስክ መፈተሻ) ምናምን አታስጀምሩበት፣ የደከመ ዲስክ ላይ ያን ያህል ማንበብ ሊገድለው ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፎርማት ካስደረጋችሁም የሚጭኑላችሁ ዊንዶውስ ምን እንደሆነ ጠይቁ። «ላይት» እያሉ የሚጭኑት ተቆራርጦ የተሰራ ዊንዶውስ አለ፣ ቀለል ይላል ግን ያ መጠባበቂያ ራሱ ተቀንሶ ሊሆን ስለሚችል ነገ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ ዲዝም አይሰራላችሁም፣ ክራኩም (ያለ ክፍያ እንዲሰራ የሚያደርጉበት) አብሮ ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም። ተመልሳችሁ እዛው ቤት ነው የምትሄዱት። የሚጭኑት ከማይክሮሶፍት የወረደ ኦርጅናል አይኤስኦ (የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል) መሆኑን አረጋግጡ፣ ላፕቶፑንም ከመስጠታችሁ በፊት የኤስኤፍሲውን መልስ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።