የማልዲቭስ የዓሣ ማጥመድ ጉዞ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ትናንት ማታ ያው ማስታወቂያ እንደገና ወጥቶ አየሁት። ፎቶው እንኳን አልተቀየረም። ነጭ ጀልባ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ትልቅ ዓሣ አቅፎ የሚስቅ ሰው። «ማልዲቭስ፣ 7 ሌሊት ጀልባ ላይ፣ ሙሉ የዓሣ ማጥመድ ጉዞ፣ ሁሉም ነገር የተካተተበት፣ 1,450 ዶላር።» የአሁኑ ለሰኔ ነው። ከዱባይም ከሻርጃም ያገሬ ልጆች «ቦታ አለ? ቀብዱ ስንት ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያንን ቀብድ እኔ ከፍዬዋለሁና የሆነውን ከነቁጥሩ ልንገራችሁ።

ያደግኩት ሐዋሳ ነው። ልጅ ሆኜ አሞራ ገደል እየሄድኩ ቆሮሶና አምባዛ በመንጠቆ አወጣ ነበር። ዱባይ ከመጣሁ በኋላም ይህ ነገር አልለቀቀኝም። በዕረፍት ቀናችን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ዘንግ ይዘን ባሕር ዳር እንቀመጣለን። ወሬያችን ሁልጊዜ ማልዲቭስ ነበር። እዚያ አጥማጆች «ጂቲ» የሚሉት ዓሣ አለ። ሙሉ ስሙ ጃይንት ትሬቫሊ ነው። ኮራሉ (ከውሃው ሥር ያለው ድንጋይ መሰል ክምር) ጠርዝ ላይ አድብቶ ይቆይና ላይ ላዩን የሚንሳፈፍ ነገር ሲያይ ውሃውን ሰንጥቆ ይወጣል። በዓለም የተመዘገበው ትልቁ 72.8 ኪሎ ይመዝናል፤ ጃፓን ውስጥ ነው የተያዘው። እኛ 20 ኪሎ ብናገኝ ይበቃን ነበር። ለዚህ ብለን ለብቻው ዕቁብ ጀመርን። 11 ወር ጣልን።

ማስታወቂያውን ያወጣው ሰውዬ ያገር ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ አይዞህ፣ እኔ እያለሁ ምን ታስባለህ?» አለኝ። እኔም አመንኩት። ለእያንዳንዳችን 725 ዶላር፣ ለአራታችን 2,900 ዶላር ቀብድ ላክን። የላክነው በግል ስሙ በተከፈተ አካውንት ነው። ቀሪውን የማልዲቭስ ዋና ከተማ ማሌ ስንደርስ በእጃችን እንከፍላለን ተባለ። የጉዞው ቀን ፍልሰታ እንደተፈታ ነሐሴ ላይ ሆነ።

ወቅቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋጋውን ርካሽ ያደረገው እሱ ስለሆነ። ማልዲቭስ ሁለት ወቅት አላት። በግምት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ባሕሩም ይረጋጋል። ይህን «ኢሩቫይ» ይሉታል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ «ሁልሃንጉ» ይመጣል። የደቡብ ምዕራብ ነፋስ፣ ዝናብና ማዕበል ያለበት ወቅት ነው። በዚህ ጊዜም የሚያጠምድ አለ፤ ጥሩ ቀን ሊገጥመውም ይችላል። ነገር ግን ጂቲ የሚገኘው ከአቶሉ (ክብ ሠርቶ ከተቀመጠው የኮራልና የደሴቶች ቀለበት) ውጪ ባለው የኮራል ጠርዝና በመተላለፊያ ቦዮቹ ላይ ነው። ማዕበሉ ሲበረታ ጥንቁቅ ካፒቴን ወደዚያ አይወጣም፤ ሐይቅ በሚመስለው በአቶሉ ውስጥ ይጠለላል። እኛ ከ7 ቀን 4ቱን እንዲህ ተጠልለን ዋልን። ካፒቴኑን አልወቅስም። የምወቅሰው ወቅቱን እያወቀ አንድም ቃል ሳይነግረን የሸጠልንን ሰው ነው። ሰኔም በዚያው ወቅት ውስጥ ነው።

ማሌ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለን ልጅ ወደ ወደቡ ወሰደን። የጠበቀችን ጀልባ የፎቶዋ ጀልባ አይደለችም። ስሟም ሌላ ነው። ስንጠይቅ ውሉን አሳየን። አንዲት ሐረግ አለች፦ «ወይም ተመጣጣኝ ጀልባ»። እኛ ያነበብነው ዋጋውንና ቀኑን ብቻ ነበር። ይህች ሐረግ ነች ሁሉን ነገር የወሰደችብን።

ጀልባዋ ንጹሕ ናት፤ ምግቡም ጥሩ ነበር። ችግሩ ጀልባዋ የዓሣ ማጥመጃ አለመሆኗ ነው። የጠላቂዎች፣ ማለትም አየር ይዘው ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች ጀልባ ናት። ከእኛ ሌላ 14 ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ከአውሮፓ ለመጥለቅ የመጡ። አራታችን ሳይሸጥ በቀረ ካቢን (የመኝታ ክፍል) የገባን ሰዎች ነበርን። ለእኛ «ሙሉ የዓሣ ማጥመድ ጉዞ» ተብሎ የተሸጠው ምን እንደሆነ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ማታ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጀልባዋ መልህቅ ትጥላለች፤ ለፈለገ ሁሉ የእጅ ክርና መንጠቆ ይታደላል። ቀይ ስናፐር ይወጣል፣ ይጠበሳል፣ ይበላል። ደስ ይላል። ግን ይሄ በብዙ የጠላቂ ጀልባዎች ላይ ለማንም እንግዳ የሚሰጥ የምሽት ጨዋታ ነው። ለዚህ ማንም 11 ወር ዕቁብ አይጥልም።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ከቤቴም አልወጣም ነበር። በጀልባ ላይ እየኖሩ ዓሣ ማጥመድ ሲባል የምትኖሩበት ጀልባና የምታጠምዱበት ጀልባ አንድ አይደሉም። ትልቋ መኝታችሁና ወጥ ቤታችሁ ናት። 30 ሜትር የምትረዝም ጀልባ ኮራሉ ጠርዝ ድረስ መጠጋት አትችልም። ጠርዙ ድረስ የሚወስዳችሁ ከኋላዋ የሚከተለው ሁለተኛው ጀልባ ነው። ማልዲቭስ ውስጥ «ዶኒ» ይባላል። ጂቲ የሚጠመደው ከዶኒው ላይ ነው። በጠላቂ ጉዞ ላይ ግን ዶኒው የጠላቂዎቹ ነው። የአየር ጠርሙሶቻቸው፣ አየር የሚሞላው ማሽን፣ ልብሳቸው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ጠዋት ይወጣል፣ ከቁርስ በኋላ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። ጠላቂ ባለበት ቦታ ደግሞ መንጠቆ መወርወር አይቻልም፤ ሰው ከሥር አለ። ስለዚህ ለአራታችን የቀረን ዶኒው ሥራ የሚፈታባት ጊዜ ብቻ ነበረች። ሰዓቱን መዝግቤያለሁ። በ7 ቀን ውስጥ ጠርዙ ላይ የወረወርነው በድምሩ 6 ሰዓት ነው።

አስጎብኚያችንም የተባለው የማጥመድ ባለሙያ አልነበረም። የጀልባዋ ሠራተኛ የሆነ ወጣት ባንግላዴሻዊ ነው። ደግ ልጅ ነው፤ እውነቱን የነገረንም እሱ ብቻ ነው። «ይቺ ጀልባ የጠላቂ ናት፣ ማን የዓሣ ናት አላችሁ?» አለን። ያከራዩን ዘንግም ለጂቲ የሚሆን አልነበረም። ለጂቲ ቢያንስ 80 ፓውንድ የሚሸከም የተገመደ ክር ያስፈልጋል። የተሰጠን 30 ፓውንድ ነበር፤ ማጠንጠኛውም ዝጓል። በሦስተኛው ቀን አንድ ዓሣ ነከሰ። ክሩ ኮራሉ ላይ ወዲያው ተበጠሰ። መንጠቆ አፉ ውስጥ ይዞ የሄደው ያ ዓሣ እስከዛሬ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በመጨረሻው ማታ ወረቀቱ መጣ። 1,450 ዶላር። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 145 ዶላር። በሁለቱ ድምር ላይ 17 በመቶ የቱሪዝም ታክስ፣ 271.15 ዶላር። አረንጓዴ ግብር የሚሉት በሌሊት 12 ዶላር፣ ለ7 ሌሊት 84 ዶላር። የነዳጅ ጭማሪ 60 ዶላር። የዘንግ ኪራይ 5 ቀን በ25 ዶላር፣ 125 ዶላር። ድምሩ በሰው 2,135.15 ዶላር ሆነ። ለአራታችን ከተነገረን በላይ 2,740 ዶላር ማለት ነው። ጉርሻውን አልቆጠርኩም።

ታክሱ ሕጋዊ ነው፤ በዚህ ማንንም አልከስም። የማልዲቭስ የቱሪዝም ታክስ 12 በመቶ ነበር። በጃንዋሪ 2023 16 በመቶ ሆነ፤ በጁላይ 2025 17 በመቶ ደረሰ። አረንጓዴ ግብሩም ለሪዞርቶችና ለእንዲህ ዓይነት ጀልባዎች ከ6 ዶላር ወደ 12 ዶላር ያደገው በጃንዋሪ 2025 ነው። ስለዚህ ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት የሄደ ሰው የነገራችሁ ዋጋ አሁን አይሠራም። ከአገሩ ስትወጡ የሚከፈለው ክፍያም አለ፤ በተራው (ኢኮኖሚ) ወንበር ለውጭ አገር ሰው 100 ዶላር ነው። ብዙ ጊዜ ትኬቱ ውስጥ ይካተታል። ጥፋቱ ይህን ሁሉ እያወቁ «ሁሉም ነገር የተካተተበት» ብሎ መጻፉ ላይ ነው።

ማስታወቂያው ላይ አንድ ሌላ ፎቶም አለ። ሻርክ ያጠመደ ሰው። ይህን ሳይ ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ። ማልዲቭስ ከ2010 ጀምሮ ሻርክ ማጥመድን በመላው ውሃዋ ከልክላለች። እንግዲህ ፎቶው ወይ ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ ወይ ሕግ የተጣሰበት ነው። ሁለቱም ሻጩ የሚሸጠውን ቦታ እንደማያውቀው ወይም እንደማይገደው ያሳያል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ካቢናችን ታች ነበር። መውጫው አንድ ጠባብ ደረጃ ነው። ጀልባዋ ላይ ስንሳፈር የሕይወት ማዳኛ ጃኬት የት እንዳለ ያሳየን የለም። አደጋ ቢመጣ በየት እንደምንወጣ ልምምድ አልተደረገም። ሌሊት ሁሉም ሰው ስልኩንና ካሜራውን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይተኛል። የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። ጋሼ፣ በዕድሜ የሚበልጠን ጓደኛችን፣ ጉልበቱን ያመዋል። ያንን ደረጃ በጨለማ እንዴት ይወጣል ብዬ ስገላበጥ ያደርኩበት ሌሊት አለ።

ይህን ስል ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ «ኮንሴፕሽን» የተባለች የጠላቂዎች ጀልባ ሌሊት ተቃጠለች። ታች ተኝተው የነበሩ 34 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ካገኙት ጥፋት ዋናው በሌሊት እየዞረ የሚጠብቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ኖቬምበር 25 ቀን 2024 ደግሞ በቀይ ባሕር፣ ግብፅ ማርሳ አላም አካባቢ «ሲ ስቶሪ» የተባለች ጀልባ ሰጠመች። 11 ሰዎች ሞቱ ወይም ሳይገኙ ቀሩ። በሕይወት የተረፉ አንዳንዶች ከአንድ ቀን በላይ በተገለበጠው ጀልባ ውስጥ ታፍነው ነበር። ሁለቱም የሚያድሩባቸው ጀልባዎች ነበሩ። ስትሳፈሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምሳ አይሁን። ሁለተኛው መውጫ የት እንዳለ፣ ሌሊት ማን እንደሚነቃ ጠይቁ። ሁለተኛ መውጫ ከሌለ ላይኛው ወለል ላይ ተኙ፤ እኔና ጋሼ ከሦስተኛው ሌሊት ጀምሮ እንዲያ አደረግን።

ገንዘባችንን ለማስመለስ ሞክረናል። ሰውየው «እኔ አገናኝ ነኝ፣ ጀልባዋን አነጋግሩ» አለ። የጀልባዋ ሰዎች «እኛ የተከፈለን ለአራት የካቢን እንግዶች ነው፣ ስለ ዓሣ ማጥመድ የሰማነው ነገር የለም» አሉ። ውሉ ላይ ቀብዱ አይመለስም ይላል። በካርድ ከፍለን ቢሆን ኖሮ የተሸጠልን ነገር አልቀረበም ብለን በባንካችን በኩል የመከራከር ዕድል ነበረን። ወደ ግል አካውንት የተላከ ገንዘብ ግን በቃ፣ ሄደ።

እንግዲህ መሄድ የምትፈልጉ፣ አትሂዱ አልልም። ቦታው እውነትም ያምራል። ግን የጀልባዋ ስም ውሉ ላይ ይጻፍ፤ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚለው ይሰረዝ። አልሰርዝም ካለ ብትቀየር ገንዘቡ ይመለሳል የሚል ይጨመር። ዶኒው ለአጥማጆች ብቻ መሆኑን ጠይቁ። በቀን ስንት ሰዓት ጠርዙ ላይ እንደምትሆኑ፣ ስንት አጥማጅ እንደሚሳፈር ጠይቁ፤ ከአንድ ዶኒ አፍንጫ ላይ በደህና መወርወር የሚችለው በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰው ነው። ዋጋውን ታክሱም ነዳጁም ገብቶበት በአንድ ቁጥር ይንገራችሁ። ዘንግና ክር ከቻላችሁ የራሳችሁን ያዙ።

ሌላም መንገድ አለ፤ ይህን እዚያው ሆነን ነው የተማርነው። ከጀልባዋ ስንወርድ ለበረራችን አንድ ቀን ቀርቶን ነበር። ማፉሺ ሄድን። ከማሌ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ ሰው የሚኖርባት ደሴት ናት። ትንንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች አሏት፤ እዚያ አረንጓዴ ግብሩ በሌሊት 6 ዶላር ነው። አንድ ያካባቢው አጥማጅ ለግማሽ ቀን ጀልባውን አከራየን። የነፋሱን ጀርባ፣ የውሃውን ሩጫ፣ ዓሣው የሚቆምበትን ድንጋይ ያውቀዋል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጋሼ 9 ኪሎ ገደማ የሚሆን ጂቲ ያዘ። እጁ እየተንቀጠቀጠ አቅፎት ፎቶ አነሳነው፣ ከዚያ ወደ ውሃው ለቀቀው። ለግማሽ ቀኑ የከፈልነው ለአራታችን አንድ ላይ፣ ጀልባዋ ለነዳጅ ብላ ከጨመረችብን ያነሰ ነው።

ደረሰኙም፣ ውሉም፣ የመልእክት ልውውጣችንም በእጄ ነው። ማየት ለሚፈልግ አሳያለሁ። ትናንት ማታ ማስታወቂያው ሥር በትሕትና አንድ ጥያቄ ጽፌ ነበር፦ «የሰኔዋ ጀልባ ስም ማነው?» ዛሬ ጠዋት ገብቼ ሳይ ጥያቄዬ ተሰርዟል።