ወለቃ ቤት ገዝተን ሁለት ዓመት ስንኖር

ጎንደር ከተማ፣ ማራኪ ሰፈር ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አከራያችን ኪራይ በጨመሩ ቁጥር ሚስቴ «ገጠርም ቢሆን የራሳችን ጎጆ ይኑረን» ትላለች። አንድ እግሩ ከተማ፣ አንድ እግሩ ገጠር የሆነ ሰፈር ፍለጋ ወጣን። አዘዞን አየን። ጠዳ ድረስ ወረድን። በመጨረሻ ወለቃ ላይ አረፍን፤ ከጎንደር በደባርቅ መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ዓመት ሞላን። «እንዴት ነው? እንግዛ ወይ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

ሰፈሩ ራሱ ደስ ይላል። ጠዋት የሚቀሰቅስህ ዶሮና የጎረቤት ከብት ነው እንጂ የባጃጅ ጥሩምባ አይደለም። ጎመንና ቃሪያ ከጓሮ ቀጥፈን ነው የምንበላው። ልጆቹ ውጭ ሲቦርቁ ውለው አቧራ ለብሰው ይገባሉ። ወለቃን የማያውቅ ጎንደሬ የለም፤ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፣ አብዛኛው ሰው በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደ፣ ሸክላው ግን እስካሁን መንገድ ዳር ይሸጣል። ጀበና ከፈለግህ ከዚህ አትለፍ። ጎረቤታችን እማማ እንዳስተማሩኝ ጀበናውን በጆሮው አንጠልጥለህ በጥፍርህ መታ ታደርገዋለህ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ውሰደው። ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለው።

ቤት መግዛቱ ግን ፀጉር ያስነጫል። ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ቤት ዓይን ያሳሳ ነበር። 250 ካሬ ግቢ፣ በብሎኬት የታጠረ፣ ሦስት ክፍል፣ ከኋላ ሰርቪስ። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ የሚሸጡት ታላቅ ወንድሙ ናቸው፣ በውክልና። ትሑት ሰው። ቡና አስፈሉልን፣ ልጆቻችንን መረቁልን፣ እኛም ልባችን ፈሰሰና በማግስቱ ሽማግሌ ፊት ቀብድ ሰጠን።

ቀብዱን ሰጥተን ከገባን በኋላ ነው ሚስቴ የውክልናውን ኮፒ ቁጭ ብላ ያነበበችው። ማስተዳደር ይላል፣ ማከራየት ይላል፣ ኪራይ መቀበል ይላል፣ ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከርም አለበት። መሸጥ የሚል ቃል የለም። ሦስት ጊዜ አነበብነው። የለም! በፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ የማስተዳደር ውክልና አይበቃም። ደላላውን ስንጠይቀው «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ወንድማማቾች እኮ ናቸው» አለን። ናቸው። ግን ባለቤቱ ነገ መጥቶ «ማን ሽጥ አለህ?» ቢል ሜዳ ላይ የምንወድቀው እኛ ነን። ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልስ ይላል፤ እኛ እጥፉ ይቅርብን ብለን ዋናውን ለማስመለስ አራት ወር ተመላለስን። ደላላው ስልክ ማንሳት ተወ። ኮሚሽኑን 2 ከመቶ ብሎ ሲደራደር ግን በደቂቃ ሁለቴ ይደውል ነበር።

ሁለተኛው ቤት ካርታው «በሂደት ላይ» ነበር። ላም አለኝ በሰማይ። ስናጣራ ቦታው የገበሬ ማሳ ነው። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው እንጂ መሬቱን መሸጥ አይችልም፤ በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ከከተማ ወጣ ስትል እንዲህ ያለው ሞልቷል፣ ርካሽ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በዚያ ዋጋ ጨረቃ ቤት ገዝቶ አፍራሽ ግብረ ኃይል መጣ አልመጣ እያሉ ማደር ለኔ እንቅልፍ አይሰጠኝም።

የገዛነው ሦስተኛውን ነው። 200 ካሬ ላይ ያረፈ የጭቃ ቤት፣ ካርታው በሻጩ ስም። ባልና ሚስት ሁለቱም ቀርበው ፈረሙ፤ የጋራ ቤት ከሆነ አንዱ ብቻ ቢፈርም ሌላው ፍርድ ቤት ሄዶ ውሉን ሊያስፈርሰው ይችላል። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳናይ ብር አላወጣንም። ስም ስታዛውር 2 ከመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፣ እሱን ከበጀትህ አትርሳ። እኛ ረስተን ከአማቴ ተበደርን። የቤቱን ዋጋ አልናገርም፣ ሚስቴ ከልክላኛለች።

ከመፈራረማችን በፊት አንድ አናጢ ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ብዙ አላወራም። ቁልፌን ተቀበለኝና ከበሩ አጠገብ ያለውን የባሕር ዛፍ ቋሚ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ ወጋ አደረገው። ቁልፉ ሰተት ብሎ ገባ። ከላይ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያበራል፣ ከስር በስብሷል። አራት ቋሚ እንዲህ ሆኖ ተገኘና ከዋጋው አስቀነስን። ለአናጢው የከፈልኩትን ያህል የተባረከ ገንዘብ አላወጣሁም። ያላየው ነገር ቢኖር አፈሩን ነው። የግቢው ግማሽ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ የአጥሬ አንድ ጎን አሁን ወደ ጎረቤት አዘንብሏል።

ውሃ። እዚህ ላይ አላሞካሽም። ከተማው ለዓመታት የተማመነበት የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው ሰዉ ደግሞ እየበዛ ነው፣ እኛ ያለነው የመስመሩ ጫፍ ላይ ነው። ሲመጣ ሌሊት ይመጣል። ሳይመጣ ሁለት ሳምንት ይከርማል። ያኔ በአህያ የሚመጣውን 20 ሊትር ጀሪካን ትገዛለህ፣ የልብስ ማጠቢያ ቀን የሚሉትን ነገር ትረሳለህ። ያዳነን ጣሪያው ነው። በ1 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከዘነበ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ የኛ ጣሪያ 60 ካሬ ስለሆነ ደህና ዝናብ አንዴ ሲወርድ ከ500 ሊትር በላይ ወደ ሮቶው ይገባል። አሸንዳ ገጥመን የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ እናፈሳለን፣ ከዚያ እናጠራቅማለን። ከሰኔ እስከ መስከረም ጌቶች ነን። ከጥር በኋላ አትጠይቀኝ።

መብራት አለ፣ ግን ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ እንደ ኩራዝ ይሆናል። እኛ እንጀራውን ሐሙስ ማታ መጋገር ጀመርን። ትራንስፖርት ቀን ችግር የለውም፤ ከመሸ ባጃጁ ይጠፋል፣ ቢገኝም ኮንትራት ካልሆነ አይሄድም። የማታ ሥራ ያለው ሰው ይህን አስቦ ይግባ። ልጅ ታሞብን አንድ ሌሊት መኪና ያለው ጎረቤት ባይኖር ምን እንሆን እንደነበር እንጃ።

ጎረቤት ስል፣ በገባን በሦስተኛው ቀን እማማ ድፎ ይዘው መጡና «ልጄ፣ መጀመሪያ እድር ተመዝገብ፣ አጥሩ ይደርሳል» አሉኝ። ተመዘገብኩ። ሰዉ ጥሩ ነው፣ ወሬውም ፈጣን ነው፤ ጠዋት ፍሪጅ ካስገባህ ማታ ዋጋውን የሚነግርህ አታጣም። ሚስቴን መጀመሪያ አስጨንቋት ነበር። አሁን ወሬውን የምታመጣልኝ እሷ ናት።

ትናንትም ቡና ላይ ይዛ መጣች። ከኛ ሁለት አጥር ዝቅ ብሎ ያለው ቤት ሊሸጥ ነው አሉ፣ ባለቤትየዋ ውጭ ናት፣ የሚሸጠው የእህቷ ልጅ ነው። ውክልናውን ገና ያየው የለም።