ቪልደር ካይዘር ላይ ላደረሰን፣ ደግሞም ለመለሰን ሰው

ሰላም ወገኖች። በተለይ ሙኒክና አካባቢዋ ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ከታናሽ እህቴ ጋር ኦስትሪያ፣ ቲሮል ውስጥ ቪልደር ካይዘር የሚባለው ተራራ ሄደን ተመለስን። ከሙኒክ ኩፍሽታይን ድረስ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የወሰደን ፈቃድ ያለው የተራራ መሪ ነው። ስሜ በአደባባይ አይውጣ ስላለ አልጽፈውም። ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ።

እህቴ ተራራ ምላ ትታ ነበር። ከዚህ በፊት በሌላ ድርጅት ወጥተን፣ ዝናብ እየመጣ እየገፋፉ ወስደዋት እያለቀሰች ነው የወረደችው። ይሄ ሰው ግን ቅዳሜን ሙሉ ሽትሪፕሰንዮኽሃውስ ከሚባለው የተራራ ማረፊያ አጠገብ፣ ትንሽ ቋጥኝ ላይ አለማመደን። ገመዷን ራሷ አሰረች። ከዚያ የሱን ቋጠሮ እንድታይለት ጠየቃት። ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናብ እያጠበ ቦይ ቦይ አውጥቶበታል፤ ጣት ሲገባበት ልክክ ይላል። ሁሉም ግን አይታመንም። መሪያችን መያዣውን ሁሉ በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል። ድምፁ ባዶ ከሆነ «ይሄን አትንኪው» ይላል።

እሁድ ሽታይነርነ ሪነ በሚባለው የድንጋይ ሸለቆ ወጣን። ግራና ቀኝ ፍላይሽባንክና ፕሬዲግትሽቱል የሚባሉት ጫፎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጀርመናዊው ተራራ ወጪ ሃንስ ዱልፈር እ.ኤ.አ. በ1912 የፍላይሽባንክን ምሥራቅ ገጽ የወጣበትን መስመር በጣቱ አሳየን። ያኔ ዱልፈር ገና 20 ዓመቱ ነበር፤ በ1915 ጦርነት ላይ ሞተ። እዚያው አካባቢ በ1977 ራይንሃርድ ካርልና ሄልሙት ኪነ ፑምፕሪሰ የሚባለውን መስመር ወጡ። እስከዚያ በ6 ያበቃ የነበረው የአወጣጥ አስቸጋሪነት መለኪያ በዚህ መስመር 7 ገባ። እህቴ አንገቷን አቅንታ ስታይ ቆየች።

ኤልማወር ቶር የሚባለው የተራራ ማለፊያ ላይ ስንደርስ ደመና መጣ። ወደ ሂንተረ ጎይንገር ሃልት ጫፍ፣ 2192 ሜትር፣ የቀረን ትንሽ ነበር። «እንመለሳለን» አለ። እባክህ ብዬ ለመንኩት። ቁልቁለቱ ላይ የምንይዘው የብረት ገመድ መብረቅ እንደሚያስተላልፍ፣ መብረቁ ሳይጀምር ከዚያ ማለፍ እንዳለብን ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ማረፊያው ገብተን ጃኬታችንን ሳናወልቅ በረዶ ጣሪያውን መደብደብ ጀመረ።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እህቴን በሰላም መልሰህልኛል።

ለምትሄዱ፦ ማረፊያውን ቀድማችሁ ያዙ፤ ድንጋይ ስለሚወርድ ሄልሜት አትርሱ። እህቴ ለመስከረም ራሷ ደውላ ቀጠሮ ይዛለች።